ጅራታሙ ኮከብና ቀጠሮውን ያሰሉለት ሰዎች

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ለመጽሔታችን የሚሆን ጽሑፍ ፍለጋ በሳይንስ ታሪክ የታወቁ የመታሰቢያ ቀኖችን ስናገላብጥ ሰንብተን ነበር። በአብዛኛዎቹ ያገኘነው አንድ ቀንና አንድ ስም ብቻ ነው። እኛ ግን ከአንዱ ቀን ላይ ቆመን፣ ከስሙ በስተኋላ እነማን እንደ ነበሩ ለማየት ወደድን። ቀኑም የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በቀጠሮው የታየበት ዲሴምበር 25 ቀን 1758 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤድመንድ ሃሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ኮከብ በ1682 በዓይኑ አይቶት ነበር። ወዳጁ አይዛክ ኒውተን የስበትን ሕግ ከገለጸ በኋላ፣ ሃሌይ የ24 ጅራታም ኮከቦችን መንገድ አሰላ። በ1705 ባሳተመው ጽሑፍም በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታየው አንድ ኮከብ መሆኑንና በ1758 ገደማ እንደሚመለስ ተናገረ። ጅራታም ኮከብ የጦርነትና የረኃብ ምልክት ነው ተብሎ ሲፈራ በኖረበት ዓለም፣ ሃሌይ እንደ ባለዕዳ ቀጠሮ ሰጠው ማለት ነው። ራሱ ግን ቀጠሮውን አልጠበቀም፤ በ1742 ዐረፈ። በሕይወት ቢቆይ ኖሮ 102 ዓመት ይሞላው ነበር።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበረ። ከ1531 እስከ 1607 ኮከቡ ከ76 ዓመት በላይ ሲፈጅ፣ ከ1607 እስከ 1682 ግን 75 ዓመት እንኳ አልሞላም። ይህም የሆነው ጁፒተርና ሳተርን የተባሉት ታላላቅ ፕላኔቶች በመንገዱ ላይ እየሳቡ አንድ ጊዜ ስለሚያፈጥኑት፣ አንድ ጊዜም ስለሚያዘገዩት ነው። እንግዲህ ትክክለኛውን ጊዜ ለማወቅ የሁለቱ ፕላኔቶች ስበት በየቦታው ምን ያህል እንደሆነ ለ150 ዓመት ያህል ተቈጥሮ መሰላት አለበት።

ይህን ሥራ በ1758 በፓሪስ ሦስት ሰዎች ያዙት። አሌክሲስ ክሌሮ የሒሳቡን መንገድ አወጣ፤ ጀሮም ላላንድና ኒኮል ረን ለፖት የተባለች የሰዓት ሠሪ ሚስት ቁጥሩን ሠሩት። ላላንድ ኋላ እንደ ተረከው፣ ስድስት ወር ያህል ከጠዋት እስከ ማታ፣ አንዳንድ ጊዜም ከማዕድ ላይ ሳይቀር ያሰሉ ነበር፤ እርሱም በዚሁ ድካም ዕድሜውን ሙሉ ያልተወው ሕመም አተረፈ። እኛ የአንድ ገጽ ሒሳብ ሲረዝምብን ከምናጉረመርመው ጋራ ቢያስተያዩት ያሳፍራል። አንዲት ስሕተት ብትገባ ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ ይበላሻልና።

በኖቬምበር ክሌሮ ውጤቱን ለሳይንስ አካዳሚው አቀረበ። ኮከቡ ከፊተኛው ዙሩ 618 ቀን ይዘገያል፤ 518ቱ ከጁፒተር፣ 100ው ከሳተርን የተነሣ ነው። ለፀሐይ እጅግ የሚቀርበውም በኤፕሪል 1759 እኩሌታ ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ ወር ያህል ሊሳሳት ይችላል አለ።

ኮከቡን መጀመሪያ ያየው ከእነዚህ አንዳቸውም አይደሉም፤ የፓሪስ ሊቃውንትም አይደሉም። በጀርመን አገር በድሬስደን አጠገብ የሚኖር ዮሐን ጌኦርግ ፓሊች የተባለ፣ ሥነ ፈለክን በራሱ ጥረት የተማረ ገበሬ በልደት በዓል ሌሊት በመነጽሩ አየው። በፓሪስ ሻርል መሲዬ ከዓመት በላይ ሲፈልገው ቈይቶ ያገኘው በጃንዋሪ 21 ነው። አለቃው ደሊል ግን ወሬውን እስከ ኤፕሪል 1 እንዲደብቅ አደረገው። ምን አስፈልጎት እንደ ሆነ እኛ አልገባንም፤ ኮከብ በሰማይ ላይ ሳለ እንዴት ይደበቃል?

ኮከቡ ለፀሐይ የቀረበው ማርች 13 ነበር። ከ27,000 ቀን በሚበልጥ ጒዞ ላይ የአንድ ወር ያህል ስሕተት! ዩራነስ በ1781፣ ኔፕቲዩን በ1846 ገና የሚገኙ ስለ ነበሩ፣ የእነርሱ ስበት በሒሳቡ አልገባም።

ከሁሉ የከነከነን ግን ይህ ነው። ክሌሮ በ1760 ስለ ጅራታም ኮከቦች ባሳተመው መጽሐፍ የለፖትን ስም አላነሣም። ያለ እርሷ ሥራውን መጀመር እንኳ አይደፈርም ነበር ብሎ የመሰከረላት ላላንድ ነው። እርሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ የኤፕሪል 1 ቀን 1764 የፀሐይ ግርዶሽ በአውሮፓ እንዴት እንደሚታይ አስልታ ካርታ አሳተመች። ዛሬ በጨረቃ ላይ በስሟ የተጠራ ጒድጓድ አለ። የክሌሮን ታላቅነት አንክድም፤ መንገዱን ያገኘ እርሱ ነው። ነገር ግን ስም ለመጻፍ የአንድ መስመር ቦታ ይበቃ ነበር።

ኮከቡ ከዚያ ወዲህ በ1835፣ በ1910ና በ1986 ተመልሷል። በመጨረሻው ጊዜ ጂዮቶ የተባለች የአውሮፓ መንኰራኵር 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ፎቶግራፍ አነሣችው። ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቁር ክምር ሆኖ ተገኘ። የሚመለሰው በ2061 ነው። ያን ጊዜ እኛ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣው ሃምሳ ዓመት አልፎን እንገኛለን፤ ከክፍል ጓደኞቻችን ጋራም ኮረብታ ላይ ወጥተን በአንድነት ልናየው ከወዲሁ ተቀጣጥረናል።