ሱፐርኢንተንደንት (ኒው ዮርክ)

በአሜሪካ የአንድ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የበላይ ሥራ አስኪያጅ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥረው የአካባቢው የትምህርት ቦርድ ቢሆንም የብቃት መስፈርቱን የሚያወጣው ክፍለ ግዛቱ በመሆኑ መስፈርቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኒው ዮርክ ሕግ የኮሌጅ ዲግሪ፣ 60 የድኅረ ምረቃ ክሬዲትና የ3 ዓመት የማስተማር ልምድ ይጠይቃል። ይህን ለማያሟላ፣ ግን ተመጣጣኝ ሥልጠናና ልምድ ላለው ሰው የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ኮሚሽነር ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል።

በኒው ዮርክ ከተማ ሹመቱ ቻንስለር ይባላል፤ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሿሚው ከንቲባው ነው። የሕግ ባለሙያው ጆል ክላይን በዚያው ዓመት በልዩ ፈቃድ ገቡ። ይበልጥ ያከራከረው የተኳቸው የካቲ ብላክ ሹመት ነው። ብላክ ስመ ጥር የመጽሔት አሳታሚ ነበሩ፤ የትምህርት ሙያ ልምድ ግን አልነበራቸውም። የክፍለ ግዛቱን ኮሚሽነር የሚያማክረው ቡድን ልዩ ፈቃዱን አልደገፈም። ኮሚሽነር ዴቪድ ስታይነር የፈቀዱት የቀድሞው መምህርና ርእሰ መምህር ሻኤል ፖላኮው ሱራንስኪ ዋና የትምህርት ኃላፊ ሆነው ከብላክ ጎን እንዲሠሩ ከተወሰነ በኋላ ነበር። ይህ ራሱ የማስተማር ልምድ ትርፍ መስፈርት አለመሆኑን ያሳያል፤ ስለ መምህራንና ስለ ክፍል የሚወስን ሰው ክፍሉን ከውስጥ ሊያውቀው ይገባል። ብላክ ጃንዋሪ 2011 ጀምረው በኤፕሪል ለቀቁ። በ2014 ሥራውን የያዙት ካርመን ፋሪኛ ግን በከተማዋ ትምህርት ቤቶች በመምህርነትና በርእሰ መምህርነት ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ነበሩ፤ እስከ 2018 መርተዋል።