ጃገማ ኬሎ ማን ነበሩ? ስለ «የበጋው መብረቅ» ማወቅ ያለብን ነገሮች

ጎፈሬው እንደ አንበሳ ጋማ የቆመ፣ ዕድሜው ገና ለጋ የሆነ አርበኛ ፎቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ስልካችን ላይ ይዞራል። ላይክ እናደርጋለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ ከዛ እናልፋለን። እኛም እንደዛው ነበርን። «እሺ፣ ግን ሰውየው ምን አደረጉ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው አብዛኞቻችን ከፎቶው ያለፈ ብዙም እንደማናውቅ የገባን። ስለዚህ ዋና ዋናውን አንድ ቦታ ሰብስበነዋል። ሴቭ አድርጉት፣ ሲያስፈልጋችሁ ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

በአጭሩ (ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)

• ስም፦ ሌተና ጀነራል ጃገማ ኬሎ። «ጃጋማ» ተብሎም ይጻፋል፤ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ።
• ትውልድ፦ ጥር 1913፣ ምዕራብ ሸዋ፣ ደንዲ፣ ዩብዶ በሚባል ቦታ፣ ጊንጪ አካባቢ።
• የፈረስ ስም፦ አባ ዳማ።
• ቅጽል ስም፦ የበጋው መብረቅ።
• በአርበኝነት የተዋጉበት ዘመን፦ ከ1928 እስከ 1933።
• ዕረፍት፦ መጋቢት 29 ቀን 2009፣ በ96 ዓመታቸው።
• ቀብር፦ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ አዲስ አበባ።

የ15 ዓመት ልጅ ጫካ ሲገባ

1928ን እናስብ። የኢትዮጵያ ጦር ማይጨው ላይ ተሸንፏል። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ወጥተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። መንግሥት የሚባል ነገር የለም። የሚያዝ፣ ደሞዝ የሚከፍል፣ ጥይት የሚያድል አካል የለም።

ጃገማ ያኔ 15 ዓመታቸው ነበር። በዛሬው ስናሰላው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። የባላባት ልጅ ናቸው፤ ሌላው እንዳደረገው ገብረው ርስታቸው ላይ መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ሰው ይዘው ጫካ ገቡ። ያዘዛቸው ሰው የለም። በጥቂት ሰው የተጀመረው ቡድን በአምስት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጦር ሆነ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንለይ። «አርበኛ» እና «ወታደር» አንድ አይደሉም። ወታደር ሰፈር፣ ስንቅና ደሞዝ አለው። የዚያን ጊዜ አርበኛ ጠመንጃውን የሚያገኘው ከጠላት ማርኮ ነው። ምግቡን የሚሰጠው ገበሬው ነው። መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ደግሞ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው በድብቅ ከሚሠሩ የውስጥ አርበኞች ይመጣ ነበር። ከነዚህ መካከል እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች አሉ። ስለዚህ ጃገማን ስናስታውስ ያበላቸውን ገበሬና መረጃ ያቀበላቸውን ሰው አብረን ማስታወስ አለብን። የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን አምስት ዓመት ጫካ ውስጥ ሊቆይ አይችልም።

ለምን «የበጋው መብረቅ» ተባሉ?

በክረምት መብረቅ ቢወርድ ማንም አይገረምም። ደመናው አለ፣ ነጎድጓዱ አለ፣ ሰው ይጠነቀቃል። በጠራራ በጋ ሲወርድ ግን ማንም አይጠብቀውም። የጃገማ አዋጋግ እንዲህ ነበር፦ ጠላት ባላሰበበት ሰዓትና ቦታ መምታትና ወዲያው መሰወር።

ይሄ ዘዴ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነበር። አውሮፕላን፣ መድፍና መርዝ ጋዝ ካለው ጦር ጋር ሜዳ ላይ ፊት ለፊት መግጠም ምን እንደሚያመጣ ማይጨው ላይ ታይቷል። ጅባትና ሜጫ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍበት አካባቢ ነው። በዚህ መስመር ላይ የሚደርስ ጥቃት ዋና ከተማውን ከምዕራቡ የሚያገናኘውን መንገድ ያውካል። በስማቸው ከሚነሱት ውጊያዎች ዋናው አዲስ ዓለም የነበረው የጣሊያን ምሽግ ላይ የተደረገው ነው። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነች። ጠላት ለዋና ከተማው ያን ያህል ቀርቦ እንኳ ተረጋግቶ ማደር አልቻለም ማለት ነው።

ከድል በኋላ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ጣሊያን ከገባበት ቀን ልክ በአምስተኛው ዓመት። ጃገማ ያኔ 20 ዓመታቸው ነው። የብዙዎቻችን ታሪክ ገና የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ እሳቸው የአምስት ዓመት ጦርነት ጨርሰው ነበር።

ከዚያ ወደ መደበኛው ጦር ገቡ፣ እስከ ሌተና ጀነራልነትም ደረሱ። በረጅሙ ዕድሜያቸው የንግሥት ዘውዲቱን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፣ የደርግን እና የኢሕአዴግን ዘመን አይተዋል። በመሃል የወረራውም ዘመን አለ።

ባሌ፦ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ምዕራፍ

የአርበኝነቱን ብቻ አውርተን ብናቆም ግማሹን ትተናል። በ1955 አካባቢ ባሌ ውስጥ የገበሬዎች አመፅ ተነሳ። ከምክንያቶቹ መካከል የመሬት መነጠቅ፣ የግብር ጫናና የአስተዳደር በደል ይገኙበታል። ከመሪዎቹ ታዋቂው ዋቆ ጉቱ ናቸው። መንግሥት አመፁን ለመግታት ጦር አዘመተ፣ በአውሮፕላንም ደበደበ። አካባቢውን ከመሩት የጦር አዛዦች አንዱ ደግሞ ጀነራል ጃገማ ነበሩ።

ዋቆ ጉቱ በ1962 እጃቸውን ሲሰጡ የተቀበሏቸው ጀነራል ጃገማ ናቸው። መሪው አልተገደሉም፤ ምሕረት ተደረገላቸው። ሁለቱም ሰዎች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አንዱ በመንግሥት ወገን፣ ሌላው በአማፂ ወገን።

ይሄን ምዕራፍ ሰው እንደየአቋሙ ነው የሚያነበው። አንዳንዱ «ደም ሳይፈስ የጨረሱ አስታራቂ» ይላል፤ ሌላው «የንጉሡ ጦር አዛዥ» ይላል። እኛ የምንለው፦ ሁለቱንም እወቁ። በእርቅ ከማለቁ በፊት ብዙ ደም ፈሷል፤ መጨረሻው ግን ስቅላት አልሆነም። የምንወደውን ሰው ታሪክ ከነውስብስቡ ማወቅ ክብሩን አይቀንስበትም።

ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ነገሮች

1. «ጃገማ ዓድዋ ላይ ተዋግተዋል።» አልተዋጉም። የዓድዋ ድል በ1888 ነው፤ እሳቸው የተወለዱት ከ25 ዓመት በኋላ ነው። እሳቸው የተዋጉት በሁለተኛው ወረራ ነው። የካቲት 23 የዓድዋ በዓል፣ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን መሆኑን አስታውሱ።

2. «ጣሊያን አገር ድረስ የተዋጉት እሳቸው ናቸው።» አይደሉም። ያ ታሪክ የአብዲሳ አጋ ነው። ተማርከው ኢጣሊያ ተወስደው፣ ከእስር አምልጠው እዚያው ፋሽስቶችን የወጉት አብዲሳ ናቸው።

3. «ጣሊያንን የወጉት ጀነራል ሆነው ነው።» ማዕረጉ የመጣው በኋላ ነው። ጫካ ሲገቡ ማዕረግ ቀርቶ ጢም እንኳ አልነበራቸውም።

«የማን ጀግና ናቸው?»

ፎቷቸው በተለጠፈ ቁጥር ሙግቱ አይቀርም። አንዱ «የኦሮሞ ጀግና» ሲል ሌላው «የኢትዮጵያ ጀግና በሉ» ይላል፤ ከዛ ስድብ ይከተላል። ጃገማ በደንዲ የተወለዱ ኦሮሞ ናቸው። የተዋጉትም ለኢትዮጵያ ነፃነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዝም። በ15 ዓመታቸው የከፈሉትን ዋጋ እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን መከፋፈላችን ግን ያሳፍራል።

ከሞቱ በኋላ ምን ቀረን?

ደራሲ ፍቅረማርቆስ ደስታ ጀነራሉ በሕይወት እያሉ ታሪካቸውን «የበጋው መብረቅ» በሚል መጽሐፍ አስቀርቶልናል። አንድ ሰው ጊዜ ሰጥቶ በመጻፉ ታሪኩ አብሯቸው አልተቀበረም።

ስንት አርበኛ ግን እንዲህ ያለ ዕድል ሳያገኝ ሄደ? በ1928 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ የለም ብንል ይሻላል። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባላትም እያለቁ ነው። በ1969 እና በ1970 ኦጋዴን የተዋጉት ደግሞ አሁን አያቶቻችን ናቸው፤ ምናልባት አሁን ሳሎን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን እያዩ ይሆናል።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የቀድሞ ወታደር ካለ፦

• ስልካችሁ ላይ የድምፅ መቅጃውን ክፈቱና ፈቃድ ጠይቁ። ቪዲዮ የማይወዱ ሽማግሌ በድምፅ ይናገራሉ።
• «ጀግና ነበሩ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የት ነበሩ? በስንት ዓመተ ምሕረት? አዛዥዎ ማን ነበሩ? ምን ትበሉ ነበር?» በሉ።
• አሮጌ ፎቶ ካለ ከፊትም ከጀርባም አንሱ። ጀርባው ላይ ቀንና ስም ሊኖር ይችላል።
• ማውራት የማይፈልጉት ነገር ካለ አታስጨንቁ። ጦርነት ያየ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት አለው።
• የቀዳችሁትን ለአንድ ሰው ላኩ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ጀነራል ጃገማን የምንወዳቸው ታሪካቸው ስለደረሰን ነው። ያልደረሰን ብዙ አለ። በሚቀጥለው ሚያዝያ 27 የጎፈሬውን ፎቶ ስትለጥፉ፣ ከሥሩ የአያታችሁንም ስም ጻፉ።

ነፍስ ይማር፣ አባ ዳማ።