የጨው አነጋገር በመተማ መንገድ

ፈሊጥ የሚባለው፣ ፍቺው ከእያንዳንዱ ቃል ትርጉም ተደምሮ የማይገኝ፣ ተናጋሪው ሕዝብ በልማድ የተስማማበት አነጋገር ሲሆን፣ ስሙም «ለየ» የሚል ትርጉም ካለው «ፈለጠ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። ፈሊጥ የሚወለደው ሕዝብ ሲሸጠው ሲለውጠው፣ ሲቀምሰው ሲሸከመው ከኖረው ነገር ነው፤ ስለዚህ የባዕድ ቋንቋን ፈሊጥ መረዳት የሚሻ ሰው ከመዝገበ ቃላቱ አስቀድሞ የዕቃውን ታሪክ ቢጠይቅ ይጠቀማል። ለዚህም ጨውን የመሰለ ምስክር የለም።

ደጋውን ጎንደር በጭልጋ በኩል ከመተማ ያገናኝ የነበረው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ፣ ዛሬ ገንዳ ውኃና ኮኪት የሚገኙበትን ቆላ አቋርጦ፣ ተክሩር የሚባሉት ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር የመጡ ሙስሊሞች ወደ ሰፈሩበት ገበያ ይወርድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ገበያ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ከሱዳን በሚመጣ ጨርቅና ጨሌ ይለወጥ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት እንደ ነበር ሳይጠቀስ መታለፍ አይገባውም። ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ተጓዥ ነጋዴዎች የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ሲይዙ፣ የደጋው ነጋዴ ግን በአገሩ ዕለታዊ መገበያያው አሞሌ ነበር።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከአርሆ የጨው ሜዳ እየተፈለጠ የሚወጣና እንደ መሳል ድንጋይ ረዘም ተደርጎ የሚጠረብ ጨው ነው። (ጨውን ከሜዳው የሚለየው ሥራና አነጋገርን ከተራው ቃል የሚለየው ስም በአንድ ግስ መጠራታቸው ልብ ሊባል ይገባል።) ከአርሆ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወደድ ነበር፤ ጫፉ ከተሸረፈ ደግሞ ይረክሳል፤ ስለዚህ ነጋዴው እንዳይሰበርበት አስሮ፣ ከዝናብ ሸሽጎ ይጓዝ ነበር። አማርኛም ጨውን በብዙ ፊቱ ያውቀዋል። ኀፍረት ያጣ ሰው «ዐይኑን በጨው ያጠበ» ይባላል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደግሞ በተማሪዎች አፍ «ጨው» ነው።

ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ዐረብኛ በዚሁ ነገር ሌላ መንገድ ይሄዳል። ዐረብኛ ተናጋሪዎች በመካከላቸው «ዔሽና ሚልሕ» አለ ሲሉ፣ ማለትም እህልና ጨው፣ አንዱ ሌላውን ሊከዳ የማይገባ ወዳጅነት መኖሩን ይናገራሉ፤ በሱዳን ዔሽ የማሽላው ስም ሲሆን፣ ኪስራ ከሚባለው ስስ እንጀራ ጋር የሚበላው ወጥ «ሙላሕ» መባሉም ከዚያው ከጨው ሥር የመጣ ነው። «ደላላ»፣ «ወኪል»፣ «ኪስ» የሚሉት ቃላት ከዐረብኛ ገብተው እንደ ቤተኛ መቆጠራቸው አያስደንቅም፤ አማርኛ «ኪስ አውላቂ» የሚለውን ፈሊጡን የሠራው በዚህ በተዋሰው ቃል ነው።

እንግሊዝኛ ግን ወደዚህ ድንበር የመጣው በገበያ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር በመተማ በተደረገው ጦርነት ቆስለው ከሞቱ በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት የሱዳንን ድንበር የወሰኑበት ውል ተፈረመ፤ ገላባት ከወዲያ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የምትጠራው መተማ ዮሐንስ ከወዲህ ሆኑ። የውልና የጦር ሠራዊት ቋንቋ ሆኖ የገባው እንግሊዝኛ ኋላ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ፤ አብረው ሳይበሉበት የተማሩት ቋንቋ በመሆኑም ፈሊጡ ለተማሪው በቃል የሚያዝ ዝርዝር ሆኖ ቀረ።

እንግሊዞች አንድን ወሬ «ከቁንጥር ጨው ጋር» ተቀበል ሲሉ፣ ጨው ምግብን እንደሚያጣፍጥ የሚያውቅ የቆላ ተማሪ ወሬው ጣፍጦ ይቅረብ ማለት ሊመስለው ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ሙሉ በሙሉ አትመን ማለት ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ አንድ የመርዝ ማርከሻ ሲጽፍ የጨው ቅንጣት እንደሚጨመርበት ገልጿል፤ ብዙዎች የአነጋገሩን ምንጭ ከዚያ ያደርሱታል። በተጎዳ ሰው ላይ ሌላ ጉዳት ሲጨመር ደግሞ እንግሊዝኛው በቁስል ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ አማርኛው በቁስል እንጨት ይሰዳል።

በሥራው የሚታመን ሰው በእንግሊዝኛ «ጨዉ የሚገባው» ይባላል። ደመወዝን የሚያመለክተው የላቲን ቃል ጨው ከሚለው ቃል መውጣቱ እርግጥ ነው፤ የሮማ ወታደር ደመወዙን በጨው ይቀበል ነበር የሚለው ታሪክ ግን አጥጋቢ ማስረጃ የለውም፤ በአሞሌ ይገበያይ የነበረው የጎንደር ነጋዴ በአንጻሩ በጽሑፍ የተመሰከረለት ነው። እንግሊዝኛው ሰውን በሚከፈለው ጨው ይመዝነዋል፤ አማርኛው ግን ሰውየውን ራሱን ጨው አድርጎ፣ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይለዋል። ግራጫ ሆኖ የተጠረበ አሞሌን በእጁ ይዞ ያየ ሰው ይህን ማጋነን አይለውም፤ በምላስ ካልተቀመሰ በቀር ከድንጋይ የሚለየው ነገር ጥቂት ነውና።