እሳትና ጎረቤቱ

በጌዴኦ ምድር በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ለሚኖረው ገበሬ፥ ቆሻሻ የሚባል ነገር በጥንቱ ጊዜ እምብዛም አያሳስበውም ነበር። የቤቱ ጥራጊ፥ የከብቱ አዛባና የእንሰቱ ቅጠል ተመልሶ ወደ ጓሮው ይገባና ፍግ ይሆናል። ዛሬ ግን ከወርቃ ገበያ እስከ ዲላ ከተማ ድረስ የላስቲክ ከረጢትና የውሃ ጠርሙስ በዝቷል። ይህን አፈር አይበላውም፤ ስለዚህ እሳት ይለኰስበታል። የተቃጠለው ከዓይን ስለሚሰወር ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ታሪክ የሚያስተምረን ግን አለማለቁን ነው።

የከተማን ቆሻሻ ለማቃጠል የታሰበ ምድጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ እሳት ሁሉን ያነጻል በሚል እምነት በብዙ አገር ከተሞች የጢስ መውጫው ቆመ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በ1977፥ የሆላንድ ሊቃውንት ከአምስተርዳም ማቃጠያ የወጣውን አመድ ቢመረምሩ ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ አገኙበት። ይህ መርዝ ክሎሪን ያለበት ነገር በደከመ እሳት ሲነድ፥ ጢሱም ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። በ1989 ደግሞ በሮተርዳም አቅራቢያ በሚግጡ ላሞች ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ስለ ተገኘ ወተቱ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ጢሱ በሣሩ ላይ ወርዶ፥ ሣሩን ላሟ በልታ፥ ወተቱን ሕፃኑ ይጠጣል ማለት ነው። ከዚህ መርዝ ዓይነቶች እጅግ የከፋው ነቀርሳ እንደሚያመጣ በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋም አረጋገጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ቆሼ በተባለው ስፍራ ይከመር ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሟቾቹ ከከተማው ጥራጊ አጠገብ ጎጆ የቀለሱ ድኾች ነበሩ። በዚያው ስፍራ ቆሻሻን አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመረቀ። እንዲህ ያለው ትልቅ ጣቢያ ከ850 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዲያቃጥልና ጢሱን እንዲያጣራ ሆኖ ይታቀዳል፤ ነገር ግን ማጣሪያው መሥራቱ የሚታወቀው ጢሱ ሳይቋረጥ ሲለካና ውጤቱ ለጎረቤት ሲነገር ብቻ ነው።

በየወረዳው በጤና ጣቢያ ጓሮ የሚታየው ትንሹ የጡብ ምድጃ ግን እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለውም። አገልግሎቱን አንንቅም፤ ያገለገለ መርፌ ሜዳ ላይ ቢጣል የሕፃናትን እግር ወግቶ በሽታ ያስተላልፋልና። ይሁን እንጂ የመድኃኒት ላስቲክና እርጥብ ጥራጊ ከመርፌው ጋር ተደባልቆ ሲገባበት እሳቱ ይደክማል፤ ጢሱም ከአጥር ወዲያ ባለው ቤትና ጓሮ ላይ ያርፋል።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብቱ መሆኑን ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ወጥቷል። እንግዲህ እኛ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የማቃጠያ ቦታ በምንመርጥበት ቀን አስቀድመን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ፥ በዚያም በኩል ማን እንደሚኖር መጠየቅ ይገባናል። መምህራንም ላስቲክን ለይቶ ማስቀመጥን ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩ። የአውሮፓ ሰዎች ይህን ለማወቅ መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ እኛ ግን አውቀነው ሳለ ብንዘገይ ምክንያት የለንም።