ሊጣል ሲል የተገኘው መድኃኒት፦ የቫሊየም ታሪክና የአንጎላችን ፍሬን

ጊዜው 1957 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኑትሊ በምትባል ከተማ የሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ ቤተ ሙከራ እየተጸዳ ነበር። ሊጣሉ ከተለዩት ነገሮች መሀል ከሁለት ዓመት በፊት ተሠርቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ግን ሳይሞከር የተረሳ አንድ ውህድ ተገኘ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሊዮ ስተርንባክ «ከመጣላችን በፊት እስቲ ይሞከር» ብሎ እንስሳት ላይ ወደሚሞክሩት ባልደረቦቹ ላከው። ዛሬ በዓለም ላይ በጣም ከሚታወቁት የማረጋጊያ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው የቤንዞዲያዜፒን ቤተሰብ የተወለደው በዚህ አጋጣሚ ነው።

ለመሆኑ ያኔ አዲስ ማረጋጊያ ለምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደኋላ እንመለስ።

ከዚያ በፊት የነበረው አደገኛ ምርጫ

ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ባርቢቹሪክ አሲድን የሠራው በ1864 ነው። ከዚያ የተገኘው የመጀመሪያው የእንቅልፍ መድኃኒት ግን በ1903 መጣ፤ በኋላ ቬሮናል ተብሎ ተሸጠ። በ1912 ፌኖባርቢታል ተከተለ። ይሄኛው እስከ ዛሬ አለ፤ በአገራችንም የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ይሰጣል።

ባርቢቹሬቶች ጭንቀትን ያበርዳሉ፣ እንቅልፍም ያመጣሉ። ችግሩ በሚያስተኛው መጠንና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። ትንሽ ሲበዛ ሰውየው ይተኛል፤ በጣም ሲበዛ ትንፋሹ ይቆማል። በ1962 የሞተችው ታዋቂዋ ተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ ደም ውስጥ የተገኘው አንዱ መድኃኒት ባርቢቹሬት ነበር።

በ1955 ሜፕሮባሜት የተባለ ሌላ ማረጋጊያ ገበያ ላይ ወጥቶ እንደ ጉድ ተሸጠ። ሮሽም ኬሚስቶቹን «እኛም የራሳችን ያስፈልገናል» አላቸው። የተለመደው መንገድ የተፎካካሪን መድኃኒት ትንሽ ለውጦ መሥራት ነበር። ስተርንባክ ግን ይህን አልወደደውም። በ1930ዎቹ ፖላንድ ክራኮው ዩኒቨርሲቲ እያለ ለጨርቅ ማቅለሚያ ብሎ ያጠናቸውን ውህዶች አስታወሰና ከእነሱ ወደ 40 የሚጠጉ አዳዲስ ውህዶችን ሠራ። አንዳቸውም አልሠሩም። ያ የተረሳው የመጨረሻው ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም ተገረመ። መድኃኒቱን የወሰዱት እንስሳት ጡንቻቸው ላላ፣ ረጋ አሉ፣ ግን ንቁ ነበሩ። ኬሚስቶቹ ውህዱን መልሰው ሲመረምሩት ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሆናል ያሉት ቀለበት በራሱ ጊዜ ሰባት ማዕዘን ሆኖ አገኙት። ውህዱ በ1960 ሊብሪየም ተብሎ ወጣ። ከእሱ የሚበረታው ዲያዜፓም በ1963 ቫሊየም በሚል ስም ተከተለ። ቫሊየም ከ1969 እስከ 1982 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ከመድኃኒቶች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ነበር።

የሚገርመው ግን ይህን ሁሉ ኪኒን የሚያዙት ሐኪሞችም ሆኑ የሚሠራው ኩባንያ፣ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ የት ሄዶ ምን እንደሚያደርግ አያውቁም ነበር።

ፍሬኑ ሲገኝ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በመኪና ላስረዳ። አንጎላችን ነዳጅም ፍሬንም አለው። ግሉታሜት የሚባለው ኬሚካል የነርቭ ሕዋሶችን ያነሳሳል፤ ጋባ የሚባለው ደግሞ ያበርዳቸዋል። ጋባ አንጎል ውስጥ እንዳለ በ1950 ቢታወቅም፣ ከቫሊየም ጋር መገናኘቱ የታየው በ1970ዎቹ ነው። በ1977 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ አንዱ ዴንማርክ ሌላው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሆነው፣ ዲያዜፓም የሚያርፍበትን ቦታ አንጎል ላይ አገኙት።

ቦታው የጋባ ተቀባይ ነው። ከአምስት ቁራጭ ፕሮቲኖች የተገጣጠመና መሀሉ ክፍት የሆነ በር አድርጋችሁ አስቡት። ጋባ ሲያርፍበት በሩ ይከፈታል፣ ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይገባል። ክሎራይድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ሕዋሱ መልእክት ለመተኮስ ይከብደዋል። ፍሬን ተያዘ ማለት ነው።

ቤንዞዲያዜፒን በዚሁ በር ላይ ያርፋል፣ ግን ከጋባ ጎን በሌላ ቦታ። በሩን ራሱ አይከፍትም፤ ጋባ ሲመጣ ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያግዛል እንጂ። የፍሬንን ጉልበት እንደሚያጎለብት መሣሪያ ነው፦ እግር ካልረገጠ ብቻውን መኪና አያቆምም። ባርቢቹሬት ግን መጠኑ ሲበዛ ጋባ ባይኖርም በሩን ይከፍተዋል፤ ማንም ሳይረግጥ ፍሬኑን ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለው የደኅንነት ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ቤንዞዲያዜፒን ብቻውን ሲወሰድ ጣሪያ አለው፤ ባርቢቹሬት ጣሪያ የለውም።

ጣሪያው የማይሸፍነው

ታዲያ «ጣሪያ ካለው ምን ያስፈራል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ጣሪያው የሚሠራው ለብቻው ሲወሰድ ነው። አልኮልም ይህንኑ ፍሬን ያጠብቃል። እንደ ሞርፊን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በሌላ መንገድ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ሲደራረቡ ሰው ተኝቶ ላይነቃ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አንጎል ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፍሬኑ ለሳምንታት ተይዞ ሲቆይ «ይሄ በዛ» ብሎ ራሱን ያስተካክላል፦ ተቀባዮቹ ለጋባ የሚሰጡት ምላሽ ይቀንሳል፣ የሚያነሳሳው ወገን ይበረታል። ለዚህ ነው ያው መጠን ከጊዜ በኋላ የማይበቃው። ሰውየው መድኃኒቱን ድንገት ቢያቆም ደግሞ ፍሬኑ ላልቶ ነዳጁ እንደተረገጠ ይቀራል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከበፊቱ የባሰ ጭንቀት፣ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ይህ ችግር በሕሙማን ላይ የታየው ገና በ1961 ነው፣ ሊብሪየም ገበያ ከወጣ በዓመቱ። ያም ሆኖ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ስለ ጥገኝነቱ በማሸጊያው ላይ ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው በ2020 ነው።

ይህ ማለት መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። መንቀጥቀጡ አልቆም ያለ ሕመምተኛ ሆስፒታል ሲደርስ ዲያዜፓም በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ያተርፋል። ለፈተና ፍርሃት ወይም ለእንቅልፍ ብላችሁ ከጓደኛ የተቀበላችሁት ኪኒን ግን ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑን የሚለካ፣ ከምን ጋር እንደተደራረበ የሚጠይቅ የለም። ሲወስድ የቆየ ሰው ካለም በራሱ ድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ ሐኪም መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያወጣዋል። አንጎል ራሱን ያስተካከለው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲመለስም ጊዜ ይፈልጋል።