ያገለገለ ሲየና ልትገዙ ነው? ሪኮል፣ ቅሬታ እና ምርመራ ምን እንደሆኑ ቀድማችሁ እወቁ

አሜሪካ ያለ የሐበሻ ቤተሰብ ልጆች ሲበዙለት ወይም ሰው የማመላለስ ስራ ሲጀምር፣ ቶዮታ ሲየና ቶሎ ከሚነሱ ስሞች አንዱ ነው። ሰፊ ነው፣ ይበረክታል፣ ተመልሶ ሲሸጥም ዋጋ ያወጣል። ገዢው ታዲያ ማይሉን ያያል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ "አክሲደንት አለው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጥያቄ ግን ይሄ ነው፦ "ያልተሰራ ሪኮል አለበት ወይ?"

ለምን ወሳኝ ሆነ? በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አዲስ መኪና ሪኮሉ ሳይሰራ ለገዢ ማስረከብ ክልክል ነው። ያገለገለ መኪና ሪኮሉ ሳይሰራ እንዳይሸጥ የሚከለክል ፌዴራል ሕግ ግን የለም። ዲለሩ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሲየና ሲያስረክባችሁ፣ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት የሚችል ወይም ኤርባጉ አደገኛ የሆነ ሊሆን ይችላል። ማጣራቱ የእናንተ ድርሻ ነው። ደግነቱ ነጻ ነው፣ በስልክም ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሶስቱን ቃላት አትቀላቅሉ

የመኪና ደህንነት ጉዳይ የሚመለከተው የአሜሪካ መስሪያ ቤት ናሽናል ሃይዌይ ትራፊክ ሴፍቲ አድሚኒስትሬሽን ይባላል፤ በአጭሩ "ኒትሳ" ይሉታል። በትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ስር ያለ የፌዴራል ተቋም ነው። እዚያ ሶስት የተለያዩ ነገሮች ታገኛላችሁ።

👉 ቅሬታ፦ አንድ ባለመኪና "መኪናዬ እንዲህ ሆነብኝ" ብሎ የሚያስገባው ሪፖርት ነው። ማንም ማስገባት ይችላል። የግል መረጃው ወጥቶ ለሕዝብ ይለቀቃል። ቅሬታ ጥቆማ ነው፤ ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

👉 ምርመራ፦ ተመሳሳይ ቅሬታዎች ሲደጋገሙ መስሪያ ቤቱ ፋይል ሊከፍት ይችላል። መጀመሪያ ቅድመ ግምገማ ያደርጋል። ነገሩ ከበድ ካለ ወደ ምህንድስና ትንተና ያሳድገዋል። መጨረሻው ሪኮል ሊሆን ይችላል፤ ጉድለት አልተገኘም ተብሎ ሊዘጋም ይችላል።

👉 ሪኮል፦ ጉድለቱ ወይም ከደህንነት ደረጃ በታች መሆኑ የታመነበት ደረጃ ነው። አምራቹ "መኪናውን አምጡ፣ በነጻ ልስራላችሁ" ብሎ ይጠራል። አምራቹ የደህንነት ጉድለት መኖሩን ከወሰነ በ5 የስራ ቀናት ውስጥ ለኒትሳ ማሳወቅ አለበት።

ከነዚህ ውጪ አምራቾች ለመካኒኮቻቸው የሚልኩት የቴክኒክ ማስታወቂያም አለ። "ይህ ችግር ሲመጣ እንዲህ አድርጋችሁ ስሩት" የሚል መመሪያ ነው። ሪኮል ስላልሆነ ጥገናው በነጻ ይሰራል ማለት አይደለም።

ሲየና ላይ የታወጁ ዋና ዋና ሪኮሎች

ሁሉም አይደሉም፤ ያገለገለ ሲየና ስትገዙ በተለይ ልታውቋቸው የሚገቡት ናቸው። አንድ ሞዴል ዓመት እዚህ ተጠቀሰ ማለት የዚያ ዓመት መኪና ሁሉ ተጠርቷል ማለት አይደለም።

👉 ከ1998 እስከ 2010 ሞዴል፣ የስኮርታ ጎማ፦ ሲየና ስኮርታውን ከሆዱ ስር በገመድ አንጠልጥሎ ነው የሚይዘው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ገመዱን ያዝገዋል። ገመዱ ከተበጠሰ ጎማው አስፋልት ላይ ወድቆ ከኋላ ለሚመጣ መኪና አደጋ ይሆናል። በ2010 በ20 ቀዝቃዛ ስቴቶች እና በዋሽንግተን ዲሲ ያሉ 600 ሺህ ገደማ መኪኖች ተጠርተዋል።

👉 2004፣ 2005 እና ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል፣ ማርሽ፦ ፍሬን ሳይረገጥ ማርሹ ከፓርክ ሊወጣ ይችላል። ልጅ ማርሹን ነክቶ መኪናው ሊንከባለል ይችላል ማለት ነው። በ2013 ወደ 615 ሺህ መኪኖች ተጠርተዋል።

👉 ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል፣ ተንሸራታች በር፦ በሩ እንደልቡ መንቀሳቀስ ሳይችል (ለምሳሌ በበረዶ ተይዞ) ሞተሩ ሊከፍተው ሲታገል ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ፊውዙም ሊቃጠል ይችላል። በዚያች ቅጽበት መቆለፊያው ክፍት ከነበረ በሩ በጉዞ ላይ ሊከፈት ይችላል። በ2016 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ700 ሺህ በላይ ተጠርተዋል። ሁለተኛ ረድፍ ላይ የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ልጆች መሆናቸውን አስቡ።

👉 ከ2011 እስከ 2014 ሞዴል፣ የታካታ ኤርባግ፦ ከሾፌሩ ጎን ያለው የፊት ተሳፋሪ ኤርባግ ነው። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤርባጉን የሚነፋው ክፍል ውስጥ አሞኒየም ናይትሬት ይጠቀም ነበር። ይህ ኬሚካል ለዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ግጭት ሲፈጠር ቀስ ብሎ በመንፋት ፈንታ ይፈነዳል፣ የብረት ስብርባሪም ሰው ላይ ይረጫል። በአሜሪካ በሁሉም ብራንዶች 67 ሚሊዮን ገደማ የታካታ ኤርባጎች የተጠሩ ሲሆን፣ በዚሁ ችግር ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

👉 ከ2017 እስከ 2020 ሞዴል፣ የነዳጅ ፓምፕ፦ ፓምፑ ሊቆምና ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊጠፋ ይችላል። በ2020 ከተጠሩት በርካታ የቶዮታና የሌክሰስ ሞዴሎች ውስጥ የተወሰኑ ሲየናዎችም ነበሩበት።

👉 2021 እና 2022 ሃይብሪድ፣ የወንበር ሴንሰር፦ የፊት ተሳፋሪ ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ የሚለየው ሴንሰር ሊበላሽና ኤርባጉ በሚገባው ጊዜ ላይከፈት ይችላል። በዲሴምበር 2023 ከሌሎች ሞዴሎች ጋር ተደምሮ 1 ሚሊዮን ገደማ ተጠርቷል። አዲስ የሚመስል ሞዴልም መጣራት አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

"ቢኖር ኖሮ ደብዳቤ ይመጣልኝ ነበር" አትበሉ

አምራቹ ሪኮሉን ለኒትሳ ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀናት ውስጥ ለባለቤቶች ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የሚሄደው ግን በመዝገቡ ላይ ባለው ባለቤት አድራሻ ነው። እናንተ መኪናውን የገዛችሁት ደብዳቤው ከተላከ ከ3 ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ወረቀቱን አንስቶ የጣለው የድሮው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ቤት የምትቀያይሩ ከሆነም ደብዳቤው አሮጌው አፓርትመንት ይቀራል።

የሪኮል መብት ግን ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው። ሁለተኛም ሁኑ አምስተኛ ባለቤት፣ ከዲለርም ግዙት ከግለሰብ፣ ያልተሰራው ሪኮል በነጻ ይሰራላችኋል። መኪና እንደገዛችሁ ስማችሁንና አድራሻችሁን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስተካክሉ፤ የሚቀጥለው ደብዳቤ በቀጥታ ለእናንተ ይመጣል።

በስልካችሁ እንዲህ አጣሩ

1. ቪን ነምበሩን ፈልጉ። እኛ ሻንሲ ቁጥር የምንለው ነው። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ስር፣ በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ፣ በሬጅስትሬሽን እና በኢንሹራንስ ካርዱ ላይ ይገኛል።

2. 17 ፊደልና ቁጥር መሆኑን ቆጥሩ። ቪን ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሉም። ክብ ነገር ካያችሁ ዜሮ ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ አንድ ነው።

3. ኒትሳ ድረ ገጽ ላይ የሪኮል መፈለጊያው ውስጥ አስገቡት። "ሴፈርካር" የሚባል የስልክ አፕም አላቸው። አፑ ላይ መኪናችሁን ከመዘገባችሁ አዲስ ሪኮል ሲወጣ መልእክት ይልክላችኋል። በስልክ መጠየቅ ለሚመርጥ 1-888-327-4236 አለ።

4. ያንኑ ቪን ቶዮታ ድረ ገጽ ላይም አስገቡት።

5. በመስታወቱ በኩል ያያችሁትን ቪን ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ካልተመሳሰለ ግዢውን አቁሙ።

ሻጩ "ካርፋክስ ይኸው፣ ንጹህ ነው" ቢላችሁም ራሳችሁ አስገቡ። በአብዛኛዎቹ ስቴቶች ዲለሮች ያገለገለ መኪና መስታወት ላይ "ባየርስ ጋይድ" የሚባል ወረቀት የመለጠፍ ግዴታ አለባቸው። "አዝ ኢዝ" የሚል ምልክት ካለበት ከገዛችሁ በኋላ ለሚመጣ ብልሽት ዲለሩ አይጠየቅም ማለት ነው። የአምራቹ የሪኮል ግዴታ ግን በዚህ አይቀርም።

"ያልተሰራ ሪኮል የለም" ቢላችሁስ?

ጥሩ ዜና ነው፤ ግን ወሰኑን እወቁ። መፈለጊያው የሚያሳየው ያልተሰሩትን ብቻ ነው፤ የተሰሩት አይታዩም። በጥቅሉ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው ሪኮሎችም ላይታዩ ይችላሉ። ትናንት የታወጀ ሪኮል የሁሉም መኪኖች ቪን ተለይቶ እስኪገባ ጊዜ ሊወስድበት ይችላል።

ስለዚህ ለአሮጌ ሲየና ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ በቪን ብቻ ሳይሆን በሞዴልና በዓመት ፈልጋችሁ ዝርዝሩን አንብቡ። ሁለተኛ፣ ዲለሩን "ይሄ ሪኮል በዚህ ቪን ተሰርቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። የስኮርታው ሪኮል የ2010 ነውና ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። መካኒክ መኪናውን ሲያነሳላችሁ ከስር ያለውን ገመድ እንዲያይ ንገሩት።

ቅሬታዎች እንዴት ይነበባሉ?

በሞዴልና በዓመት ስትፈልጉ ሰዎች ያስገቡት ቅሬታም ይወጣል። ብዛቱን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ የተሸጠ መኪና ብዙ ቅሬታ ይኖረዋል። የምትፈልጉት ድግግሞሽ ነው። ያው ክፍል፣ ተቀራራቢ ማይል፣ ተመሳሳይ አገላለጽ ደጋግሞ ካያችሁ፣ ለመካኒካችሁ "ይህን ለይተህ እይልኝ" በሉት። ከመግዛታችሁ በፊት ተንሸራታች በሮቹን በቁልፉም፣ በቁልፍ ሰሌዳውም፣ በእጅም ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ። የኤርባግ መብራት መኪናው ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ችግር አለ። ጭራሹኑ ካልበራም አምፖሉ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩት።

ችግሩ እናንተ ላይ ከደረሰ ደግሞ ዝም አትበሉ። ቪኑን፣ ቀኑን፣ ፍጥነታችሁን፣ ምን እንደተፈጠረ ጽፋችሁ ቅሬታ አስገቡ። ምርመራ የሚከፈተው ሰዎች ሪፖርት ሲያደርጉ ነው።

ሪኮል ከተገኘ

👉 ማንኛውም ቶዮታ ዲለር ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ሰፈር ያለ መካኒክ ሪኮል በነጻ መስራት አይችልም።

👉 ነጻነቱ የዕድሜ ገደብ አለው፦ ሪኮሉ ሲታወጅ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው አምራቹ በነጻ የመስራት ሕጋዊ ግዴታ የለበትም።

👉 ሪኮሉ ከመታወጁ በፊት በራሳችሁ ገንዘብ ካሰራችሁ ሊመለስላችሁ ይችላልና ደረሰኝ አትጣሉ።

👉 ገና ካልገዛችሁ "መጀመሪያ አሰርታችሁ ወረቀቱን አሳዩኝ" በሉ። ጥገናው ነጻ ስለሆነ ሻጩ እምቢ የሚልበት ጥሩ ምክንያት የለውም።

👉 ዲለሩ ገንዘብ ከጠየቀ ወይም ካጉላላችሁ ለአምራቹ ደውሉ፤ ካልሆነም ለኒትሳ ቅሬታ አስገቡ።

ሌላ ሚኒቫን ለምታዩ

የ2002 ሆንዳ ኦዲሲ ሲሸጥ ካያችሁ ቆም በሉ። "አልፋ" የሚባለው እጅግ አደገኛው የታካታ ኤርባግ ከተገጠመባቸው ሞዴሎች አንዱ ነው። ኒትሳ በ2016 እነዚህ ኤርባጎች ግጭት ሲፈጠር የመፈንዳት እድላቸው እስከ 50 በመቶ እንደሚደርስ ገልጾ፣ ሳይጠገኑ እንዳይነዱ አስጠንቅቋል። ከ2011 እስከ 2017 ያሉ ኦዲሲዎችም በትክክል ያልተቆለፈ ሁለተኛ ረድፍ ወንበር ሊገለበጥ ስለሚችል በ2017 ወደ 800 ሺህ ተጠርተዋል። ክራይስለር ፓሲፊካ በሶኬት የሚሞላው ሃይብሪድ ደግሞ ቆሞ ጠፍቶ እያለ እሳት ሊነሳበት ስለሚችል በ2022 እና በ2024 ሪኮል ወጥቶበታል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ

የታካታ ሪኮል የአሜሪካ ብቻ አልነበረም፤ መንገዶቻችን ላይ የምናያቸው ቪትዝ እና ኮሮላም ከተጠሩት ሞዴሎች ውስጥ አሉ። የአሜሪካው መፈለጊያ ግን ለአሜሪካ ገበያ ለተሰራ መኪና ብቻ ነው። ለጃፓን ገበያ የተሰራ መኪና 17 ሳይሆን አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው፤ እሱን የሚያጣራው የቶዮታ ጃፓን ድረ ገጽ ነው። ከባህረ ሰላጤው አገራት የመጣ ከሆነ ቁጥሩን ይዛችሁ የአምራቹን ወኪል ጠይቁ። ኤርባጉን ግን ማንም ሰው ፈትቶ እንዲያይላችሁ ወይም ከተጋጨ መኪና አውጥቶ እንዲገጥምላችሁ አትፍቀዱ። ይሄ ማስጠንቀቂያ አሜሪካ ላሉትም ነው፤ ኒትሳ በ2024 ደረጃቸውን ባልጠበቁ ተተኪ ኤርባጎች ሰዎች እንደሞቱ አስታውቋል።

አሁን ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። መኪና ካላችሁ ቪኑን ዛሬውኑ አስገቡ፤ ከዚያም ይህን ጽሁፍ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ለተዘጋጀ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ ላኩለት።