የመጠጥ ውሃ ደኅንነት (ከሚሴና የአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን)

ከሚሴ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በቦርከና ሸለቆ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ኮምቦልቻን ካለፈ በኋላ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣ ፍሳሽም ይቀላቀለዋል። በበጋ ከብቶች የሚሰማሩትና የሚጠጡት በዚሁ ረግረግ ነው።

እንዲህ ያለውን ውሃ ማፍላት ተቅማጥ አምጪ ጀርሞችን፣ አሜባንና ጃርዲያን ጨምሮ፣ ይገድላል። ውሃው ፈልቶ ሲንተከተክ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። እንደ ውሃ አጋር ያለው የክሎሪን ፈሳሽ ማገዶ ይቆጥባል፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። አሜባንና ጃርዲያን ለመግደል ግን የማፍላትን ያህል አይታመንም፤ በደፈረሰ ውሃም ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ የደፈረሰው ውሃ መጀመሪያ ጠልሎ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት። ቢሻን ጋሪ የተባለው ዱቄት ድፍርሱን ወደ ታች አዝቅጦ ጀርሙንም ይገድላል።

ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ እንደ ክሮሚየም ያለ ብረት ግን በክሎሪን አይጠፋም፤ ሲፈላ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ብረቱ ይጠናል። በመሆኑም የቧንቧ ውሃ ወይም የተጠበቀ ምንጭና ጉድጓድ ባለበት የወንዝ ውሃ ለመጠጥ መምረጥ ስሕተት ነው።

የታሸገ ውሃ ሲገዛ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑና የሚያበቃበት ቀን ይታያል። የታከመ ውሃ አፈ ጠባብ በሆነ ንጹሕ ጀሪካን ተከድኖ ይቀመጥ፤ ኩባያ አይጠለቅበት፣ እየተንቆረቆረ ይቀዳ።